የሚሸጥ ሰዓት፣ የማይሸጥ ዕረፍት

አባቶቻችን «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ለዕይታ የበቃው የአንድሩ ኒኮል ፊልም «ኢን ታይም» ይህን ብሂል ቃል በቃል የሚኖር ዓለም ያሳየናል። በዚያ ዓለም ሰው ሁሉ 25 ዓመት ሲሞላው ማርጀቱን ያቆማል፤ ነገር ግን በክንዱ ላይ የተቀረጸው ሰዓት የአንድ ዓመት ዕድሜ ይዞ ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል። ገንዘብ የሚባል ነገር የለም። ደመወዝ በሰዓታት ይከፈላል፤ ቡናም ሆነ የቤት ኪራይ የሚከፈለው ከዕድሜ ተቀንሶ ነው። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ሰውየው በቆመበት ይወድቃል።

በድሆቹ ሰፈር በዴይተን ሰዎች ይሮጣሉ፤ በባለጸጎቹ ሰፈር በኒው ግሪኒች ግን በዝግታ ይራመዳሉ። ለአንዱ አንድ ቀን ብቻ ቀርቶታል፤ ለሌላው ምዕተ ዓመታት ተቀምጠውለታል።

ከፊልሙ ሁሉ ልብን የሚሰብረው የዋናው ባለታሪክ የዊል ሳላስ እናት አሟሟት ነው። ዕዳዋን ከፍላ ወደ ልጇ ለመመለስ አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል፣ አንድ ሰዓት የነበረው ዋጋ ሁለት ሰዓት መሆኑ ይነገራታል። በክንዷ ላይ የቀራት ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ትሮጣለች። ልጇ ሊቀበላት እየሮጠ ሳለ፣ በጥቂት ሴኮንዶች ልዩነት በእቅፉ ውስጥ ትሞታለች። ይህች ሴት ቀደም ብላ ለልጇ ደህና ምሳ እንዲበላ ሠላሳ ደቂቃ ሰጥታው ነበር። ያ ደቂቃ በእጇ ቢኖር በሕይወት በደረሰች ነበር።

ፊልሙ የጊዜ እጥረቱ የተፈጥሮ እንዳልሆነ በግልጽ ይነግረናል፤ ጥቂቶች ለዘለዓለም እንዲኖሩ ዋጋው ሆን ተብሎ ይጨመራል። ለዚህ የሚያቀርበው መፍትሔ ግን የጊዜ ባንኮችን መዝረፍ ነው። በእኔ እምነት እዚህ ላይ ይደክማል። የተዘረፈ ሰዓት ዛሬ ቢከፋፈል፣ ነገ ዋጋው እንደገና ይጨመራል። ጥያቄው ሰዓቱ በማን እጅ አለ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ፈጽሞ ለገበያ የማይቀርብ ሰዓት አለ ወይ የሚለው ነው።

ክቡራን ምዕመናን፣ በሰው ቤት የምንሠራ ስደተኞች ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የሁለት ዓመት ኮንትራት ስንፈርም የሸጥነው ጉልበታችንን ብቻ መስሎን ነበር፤ ሌሊት ደወል ሲጠራን ግን የተሸጠው ዕድሜያችንም መሆኑን እንረዳለን። ፊልሙ በወጣበት በዚያው በ2011 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ ቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189ን አጽድቋል። ስምምነቱ በየሳምንቱ ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓታት ዕረፍት እንዲኖር ይደነግጋል። ኩዌት በ2015፣ ካታር በ2017 ባወጧቸው የቤት ሠራተኞች ሕጎች ሳምንታዊ ዕረፍትን አካትተዋል። በሊባኖስ ግን የ1946ቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል።

ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ስለ ሰንበት ሲያዝዝ፣ ወንድና ሴት አገልጋይም እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ ይጠይቃል፤ ምክንያቱንም ሕዝቡ ራሱ በግብፅ ባሪያ እንደነበረ በማስታወስ ይሰጣል። ስለዚህ የዕረፍት ቀን የአሠሪ ቸርነት አይደለም። ያን ቀን በትሕትና፣ ነገር ግን ያለ እፍረት መጠየቅ ይገባናል። ጥቂት ተጨማሪ ገንዘብ ወደ ቤት ለመላክ ስንል ደግሞ እኛው ራሳችን ባንሸጠው መልካም ነው።

የዊል እናት የሰጠችው ሠላሳ ደቂቃ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። አልተሸጠም፣ አልተዘረፈም፤ በፍቅር ተሰጠ። እኛም በዕረፍታችን ቀን መውጣት ላልተፈቀደላት እህታችን ደውለን የምናዋያት ግማሽ ሰዓት እንደዚያው ነው።