ፈተናው ለማን ተሠራ?

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ብቅ ያለ ቤተሰብ ከአንድ የሰፈሩ ነባር ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ጥቁርና ግዙፍ ነው፤ መንቆሩ ወፍራም ነው፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ሣሩ ላይ ወርዶ እበቱን በመንቆሩ ግራና ቀኝ እየበተነ ትል ይለቅማል። ይህ የእኛ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ አይገኝም። ወፍ ለማየት ከውጭ አገር የሚመጡ ሰዎች ከሚፈልጓቸው አንዱ ነው፤ እኛ ግን ስለለመድነው ቀና ብለን እንኳ አናየውም።

ልጆች ግን ያዩታል። አይተውም ይጠይቃሉ፦ «ቁራ ጎበዝ ነው?»

የብዙዎቻችን መልስ ዝግጁ ነው። ተልኮ የቀረ ሰው «የቁራ መልእክተኛ» ይባላል፤ ከኖኅ መርከብ ወጥቶ ባለመመለሱ በቁራ ላይ የተፈረደው ፍርድ እስከ ዛሬ ይግባኝ አላገኘም። አህያ ደደብ ናት፤ ቀበሮ ተንኮለኛ ነው፤ ዝንጀሮ የራሷን መላጣ አታይም። ሁሉም ተፈርዶባቸዋል። ማን ፈተናቸው? እንዴትስ ፈተናቸው? ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ሳይንስ ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ከያዘው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተማረው ትልቅ ነገር ስለ እንስሳቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ፈታኙም ነው። አንድን እንስሳ ስንፈትን በሁለት መንገድ ልንሳሳት እንችላለን፤ የሌለውን ችሎታ ልንሰጠው፣ ወይም ያለውን ልንነፍገው። ትክክለኛ ሙከራ ማለት ሁለቱንም በሮች የሚዘጋ ሙከራ ነው።

የሌለውን መስጠት

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በርሊን ከተማ ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ ዝናው ገንኖ ነበር። ባለቤቱ ቪልሄልም ፎን ኦስተን ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። «ሦስትና አራት ሲደመር ስንት ነው?» ሲሉት ፈረሱ በኮቴው መሬቱን ሰባት ጊዜ ይመታል። ብዙዎች ማታለያ አለበት ብለው ጠረጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1904 የባለሙያዎች ቡድን መርምሮ ምንም ዓይነት ማጭበርበር አጣ። እውነትም ሰውየው አታላይ አልነበሩም።

ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ግን አንድ ቀላል ነገር ቀየረ፤ ጠያቂው ራሱ መልሱን እንዳያውቅ አደረገ። ፈረሱ ያን ጊዜ መልሱ ጠፋው። ጠያቂውን እንዳያይ ሲከለልም እንዲሁ ሆነ። ለካስ ሃንስ ይመለከት የነበረው ቁጥሩን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ምቱ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ራሱን በጥቂቱ ቀና ያደርጋል፤ ፈረሱም ያንን አይቶ ያቆማል። ፕፉንግስት ይህን እ.ኤ.አ. በ1907 ካሳተመ ወዲህ ፈታኙ መልሱን በፊቱ እንዳያሳብቅ መከላከል የእንስሳት ሙከራ መሠረታዊ ሕግ ሆኗል።

ይህ ነገር በየቤታችንም አለ። ትንሹን ልጅ «ይቺ ፊደል ማን ናት? ‹ሀ› ናት ወይስ ‹ለ›?» ስንለው ድምፃችን ትክክለኛው ፊደል ላይ ከፍ ይላል። ልጁ ፊደሉን ሳይሆን እናቱን እያነበበ ሊሆን ይችላል። ይህም ራሱን የቻለ ብልህነት ነው፤ እኛ ፈተንነው ያልነው ግን እሱን አይደለም።

ያለውን መንፈግ

ሁለተኛው በደል የተገላቢጦሽ ነው። ጊበን የሚባሉት የእስያ ዛፍ ነዋሪዎች ለብዙ ጊዜ ከዘመዶቻቸው ሁሉ ደካሞች ተደርገው ይታዩ ነበር። ጫፉ ላይ ምግብ የታሰረ ገመድ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሲቀመጥላቸው ሌሎቹ ጎትተው ሲበሉ እነሱ ይቸገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 ቤንጃሚን ቤክ የተባለ ተመራማሪ እጃቸውን ተመለከተ። የጊበን እጅ ረጅምና እንደ መንጠቆ የታጠፈ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ለመንጠልጠል የተሠራ ነው፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ የተኛ ገመድ ለማንሳት አይመችም። ቤክ ገመዱን ከፍ አድርጎ በትከሻቸው ልክ ሲያደርግላቸው ሳቡት። ለካስ የወደቀው ጭንቅላታቸው ሳይሆን ጣታቸው ነበር።

በዝሆንም ላይ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ፍራፍሬ እንዲያወርድ ዱላ ሲሰጠው ዝሆን አልተጠቀመበትም፤ «መሣሪያ መጠቀም አይገባውም» ተባለ። ነገር ግን ኩምቢ እጅ ብቻ አይደለም፤ አፍንጫም ነው። በኩምቢው ዱላ የጨበጠ ዝሆን ምግቡን የሚፈልግበትን አፍንጫውን ሥራ አስፈታው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ፓርክ ካንዱላ የተባለ የሰባት ዓመት ዝሆን ዱላውን ትቶ አንድ ትልቅ ሣጥን መሰል ነገር ገፍቶ ከፍሬው ሥር አቆመ፤ ከዚያም የፊት እግሩን አሳርፎበት ፍሬውን አወረደ።

ስለዚህ አንድ እንስሳ ሲወድቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ጎደለው?» ሳይሆን «ፈተናው ለእሱ አካል፣ ለእሱ ዓይን፣ ለእሱ አፍንጫ ተሠርቷል ወይ?» መሆን አለበት።

የእኛዎቹ ዝንጀሮዎች

የዚህ ትምህርት አንዳንድ ታዋቂ ምሳሌዎች የተገኙት ከአገራችን ነው። የሐማድሪያስ ዝንጀሮዎችን በኢትዮጵያ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ ያጠናው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኩመር አንዲት ሴት ዝንጀሮ ያደረገችውን ጽፏል። ተቀምጣ እንዳለች ቀስ እያለች ትንፏቀቃለች፤ ሁለት ሜትር ያህል ለመሄድ 20 ደቂቃ ፈጀባት። መድረሻዋ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ድንጋይ ነው። ከድንጋዩ ጀርባ አንድ ወጣት ወንድ ነበር፤ ጸጉሩን እየፈተሸች ታጸዳለት ጀመር። የቡድኑ አውራ ይህን ቢያይ አይታገስም። እሱ ካለበት ቦታ ግን የሚታየው ጀርባዋና አናቷ ብቻ ነው፤ እጇም ወጣቱም አይታዩትም።

በሰሜን ተራሮች ደግሞ አሊዛ ለ ሩ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት የጭላዳ ዝንጀሮዎችን ይመለከታል። ሴቲቱ ከአውራው ሌላ ከሆነ ወንድ ጋር የምትገናኘው ብዙውን ጊዜ አውራው ከ20 ሜትር በላይ ሲርቅ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም ከወትሮው ድምፅ ይልቅ ዝምታን ይመርጣሉ። አውራው ከደረሰባቸው ይቀጣቸዋልና።

ይህን የሰማ ሁሉ «ጉድ ነው! ልክ እንደ ሰው ያታልላሉ» ማለቱ አይቀርም። እዚህ ላይ ቆም ብለን የሃንስን ፈረስ እናስታውስ። ሁለት ማብራሪያ አለና። አንደኛው፦ ዝንጀሮዋ አውራው ምን እንደሚያይና ምን እንደሚሰማ በአእምሮዋ ታስባለች። ሁለተኛው፦ ከዚህ በፊት ድምፅ ሲወጣ ዱላ ተከትሎ ስላየች ዝም ማለትን ለምዳለች። ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ ዓይነት ዝምታ ያደርሳሉ። ማየት ብቻውን ሁለቱን አይለይም፤ የሚለየው ሁለቱ ማብራሪያዎች የተለያየ ውጤት የሚሰጡበት ሙከራ ነው።

ቁራው ተፈተነ

እንዲህ ያለው ሙከራ የተሠራው የጉለሌው ቁራ የቅርብ ዘመድ በሆነው ወፍ ላይ ነው። ቁራ ምግቡን ይደብቃል፤ ሌላ ቁራ እያየው ከሆነ ደግሞ ተጣድፎ ይደብቃል። በቪየና ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ቡግንያርና ባልደረቦቹ የጠየቁት ይህ ነው፦ ቁራው የሚጣደፈው የሌላውን ወፍ ዓይን ስላየ ብቻ ነው ወይስ «ሊያየኝ ይችላል» ብሎ ስለገመተ?

ሁለት ክፍሎችን ጎን ለጎን አዘጋጁ፤ በመካከላቸው መስኮትና ትንሽ የማጮለቂያ ቀዳዳ አለ። ቁራዎቹ አስቀድመው ራሳቸው በቀዳዳው አጮልቀው ማየት እንደሚቻል ተማሩ። ከዚያ መስኮቱ ተዘጋ፤ በወዲያኛው ክፍል የቁራ ድምፅ ከቴፕ ተሰማ። ቁራ ግን እዚያ የለም፤ የሚታይ ዓይን የለም፤ የሚታይ እንቅስቃሴም የለም። ቀዳዳው ሲከፈት ቁራዎቹ እንደሚታዩ ሆነው ተጣደፉ። ድምፁ እያለ ቀዳዳው ሲዘጋ ግን ተረጋግተው ደበቁ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የዚህ ሙከራ ውበት የቁራው ብልህነት ብቻ አይደለም፤ ተመራማሪዎቹ ቀላሉን ማብራሪያ አስቀድመው መዝጋታቸው ነው።

በቅሎስ? «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» እያልን በአህያ አባቷ እንደምታፍር እንቀልድባታለን። በእንግሊዝ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በቅሎን፣ ድንክ ፈረስንና አህያን ምስል ለይቶ ምግብ ማግኘትን አስተምሮ ሲያወዳድር በቅሎ ሁለቱንም በልጣ ተገኘች። አህያም ብትሆን ስትፈራ ከመሸሽ ይልቅ ባለችበት ቆማ ማየት ይቀናታል። መንገድ ላይ ስትገተር «ደደብ» የምትባለው ብዙ ጊዜ አደጋ መኖሩን እያጣራች ሳለ ነው። በዱላ የተሰጠ ፈተና የሚለካው ፍርሃቷን እንጂ አእምሮዋን አይደለም።

ከልጆች ጋር እንሞክረው

ትክክለኛ ሙከራ ላቦራቶሪ አይፈልግም። ግቢያችሁ ውስጥ ውሻ ካለ ይህን ሞክሩ። ጥያቄው «ውሻችን በጣት ስንጠቁምለት ይገባዋል?» ነው።

ውስጣቸው የማይታይ ሁለት አንድ ዓይነት ኩባያዎች ውሰዱ። ሁለቱንም በሥጋ እሹ፤ አለበለዚያ የምትፈትኑት አፍንጫውን ይሆናል። ቁራሽ ሥጋው በግራ ወይም በቀኝ ኩባያ ሥር የሚቀመጠው በሳንቲም ዕጣ ይሁን፤ ሰው በራሱ ሲመርጥ ሳያውቀው ልማድ ያበጃል። አንዱ ልጅ ይጠቁም። ውሻውን የያዘው ልጅ ግን ጀርባውን ይስጥ፤ የት እንዳለ እንዳያውቅ፣ እንደ ሃንስ ባለቤት በሰውነቱ እንዳያሳብቅ።

በተለያዩ ቀናት ከፋፍላችሁ 20 ጊዜ ሞክሩና ያልወደዳችሁትን ውጤት ጭምር መዝግቡ። በዕድል ብቻ 10 ያህል ሊያገኝ ይችላል። 15ና ከዚያ በላይ ካገኘ ግን በዕድል ብቻ ይህ የሚሆነው ከ100 ጊዜ ሁለት ጊዜ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጣታችሁ ሳይረዳው አልቀረም። ከዚያ ያለምንም ጥቆማ ሌላ 20 ጊዜ ድገሙት። አሁንም 15 ካገኘ የመራው አፍንጫው ነው ማለት ነው። ውሻው ጠግቦ ወይም ፈርቶ ካልተነሣ ደግሞ እንደ ወደቀ አትቁጠሩት፤ ሌላ ቀን ይሁን።

ጉለሌ ስትሄዱ ደግሞ ሌላ ሙከራ አለ፦ «ወፎች ሰው እያያቸው መሆኑን ያስተውላሉ?» አንዱ ልጅ ሣር ላይ ወዳረፈ ወፍ በእኩል እርምጃ፣ በዝግታ ይራመድ። ወፉን እያየ ወይስ መሬት መሬት እያየ እንደሚሄድ በሳንቲም ዕጣ ለብቻው ይወስን፤ ለማንም አይናገር። ሌላው ከኋላው ሆኖ ወፉ ሲነሣ ምን ያህል እርምጃ እንደቀረ ይቁጠር። ከኋላ የሚሆነው የሚራመደውን ልጅ ዓይን እንዳያይ ነው፤ ሳያውቅ የቆጠረ ሰው ለሚፈልገው መልስ አያደላም። ጥቂት ቀናት ከደጋገማችሁ በኋላ ሁለቱን ርቀቶች አነጻጽሩ። ለወፎቹ ምግብ መወርወር፣ ማባረርና ጎጆ ወዳለበት መጠጋት ግን ክልክል ይሁን። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ይህ 705 ሄክታር ስፍራ ለእጽዋቱም ለወፎቹም መጠለያ ነው፤ እኛ እንግዶች ነን።

ልጆቹ ከዚህ የሚያገኙት ከወፍ እውቀት ያልፋል። አንድ ነገር ከመፍረዳቸው በፊት «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብለው መጠየቅን ይለምዳሉ። ያ ልማድ ወላጆችንም ይጠቅማል። በሴሚስተሩ መጨረሻ ልጃችን ዝቅተኛ ውጤት ይዞ ሲመጣ «አህያ» ከሚለው ቃል በፊት ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። ሰሌዳው ከተቀመጠበት ይታየዋል? ጥያቄው የተጻፈበት ቋንቋ ይገባዋል? ያን ቀን ተኝቶ፣ በልቶ ነበር ወይ? ሰነፍ የሚባል ልጅ የለም ለማለት አይደለም። ነገር ግን ገመዱን በትከሻው ልክ ሳናደርግለት የሰጠነው ውጤት የእሱ ብቻ ሳይሆን የፈታኞቹም ውጤት ነው።