ከጎርጎራ ክርክር እስከ ቲክቶክ ላይቭ

ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ቲክቶክ የከፈተ ሰው ያውቀዋል። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ በአንድ ወገን ነጠላ ያጣፋ፣ በሌላው ወገን ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ወጣት ይፋጠጣሉ። ርእሱ ብዙም አይቀየርም፤ ምልጃ፣ ታቦት፣ ጾም፣ ጸጋ። ከታች ኮመንቱ ይዥጎደጎዳል፣ ጊፍቱ ይወረወራል። ሰዓቱ ሲያልቅ ብዙ ጊፍት የሰበሰበው «አሸነፈ» ይባላል። የዚህ ሁሉ ስም እቅበተ እምነት ነው።

እኔ እቅበተ እምነትን አልቃወምም። እንዲያውም «ሁሉም ያው ነው፣ ዝም ብለን እንኑር» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ያው አይደለማ! ያው ቢሆን ኖሮ አባቶቻችን ለዚህ ብለው ባልተሰደዱ፣ ባልሞቱ። ችግሬ ከአደራረጉ ነው። ላይቭ የሚገቡት ልጆች ሁሉ የሚጠቅሱት የጴጥሮስ የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 3 ቁጥር 15ን ነው፤ ለሚጠይቃችሁ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ የሚለውን። ግን እዚያው ላይ መልሱ በየዋህነትና በአክብሮት ይሁን ይላል። ይቺን ክፍል ፖስት ያደረገ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ደግሞም «ለሚጠይቃችሁ» ነው የሚለው። ያልጠየቀውን ሰው ኮመንት ውስጥ ገብቶ «መናፍቅ» ወይም «ጣዖት አምላኪ» ማለት ከየት መጣ?

እኔ የቆላ ድባ ልጅ ነኝ። ከኛ ከተማ ወደ ጣና ስትወርዱ ጎርጎራ ናት። የዛሬ 400 ዓመት ገደማ በዚህ በደንቢያ ምድር የተካሄደው ክርክር ዛሬ ስልካችን ላይ ከምናየው የከበደ ነበር።

ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ የጀስዊት ቄስ በ1603 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የሚቀጥሉትም እንደዚያው) አገራችን ገባ። ከዚያ በፊት ወደዚህ ሲመጣ ተይዞ የመን ውስጥ ለዓመታት በእስር ማቅቋል። ሲደርስ ያደረገው ነገር ነው እኔን የሚገርመኝ፤ ቁጭ ብሎ ግእዝና አማርኛ ተማረ። ሊቃውንቱን በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው መጻሕፍት ተከራከራቸው። ግንበኛም ነበርና ጎርጎራ ላይ ለአፄ ሱስንዮስ ግንብ ሠራ። በ1622 ንጉሡ ካቶሊክነቱን በይፋ ተቀበለ፣ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ።

በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። በ1626 ደንቀዝ ላይ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚያ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ጾሙና በዓሉ ይቀየር ተባለ። ገበሬው በነገረ መለኮት ላይ ሐሳብ ባይኖረው እንኳ «እናትህ ያለ ጥምቀት ነው የሞተችው» የሚል መልእክት ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አገሩ ተነሣ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ ሱስንዮስ አሸነፈ፤ የወደቁት ግን የገዛ ሕዝቡ ናቸው። በዚያው ዓመት የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብሎ አወጀ፣ ዙፋኑንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ጀስዊቶቹም ብዙ ሳይቆዩ ተባረሩ።

አንዳንዶች ይህን ታሪክ «ፓኤዝ ጥሩ፣ ሜንዴዝ መጥፎ» ብለው ይዘጉታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ፓኤዝም ቢሆን የያዘው የንጉሡን ጆሮ ነበር። ንጉሡ ካመነ ሕዝቡ ይከተላል ነው ስሌቱ። በዚያው ዘመን የነበረችው ወለተ ጴጥሮስ ግን አልተከተለችም። ባሏ የሱስንዮስ ሹም ሆኖ ሳለ ትታው መነኮሰች፤ በ1672 የተጻፈው ገድሏ እንደሚተርከው ፈረንጆቹ መምህራን ቀርበው ተከራክረዋታል፣ ንቅንቅ አላለችም። ቤተ መንግሥት ይዞ የሚመጣ ወንጌልን ሰው በጥርጣሬ ነው የሚያየው። የዛሬው ቤተ መንግሥት ደግሞ ፎሎወር ነው፤ ሃምሳ ሺህ ሰው ከኋላው አሰልፎ አንዷን ልጅ «መልሺ!» የሚል ሰው ሜንዴዝን ነው የሚመስለኝ።

ከዚያ በፊት ደግሞ አፄ ገላውዴዎስ አለ። ጀስዊቶቹ «እናንተ አይሁድ ናችሁ» ብለው ሲወቅሱት በ1555 መልስ ጻፈ። ሲበዛ አጭር ናት። የሚያምነውን ተናገረ፣ ቅዳሜን እናከብራለን ግን እንደ አይሁድ አይደለም አለ፣ ግርዛት የአገር ልማድ ነው አለ። ከስድብ ይልቅ ማስረዳትን መረጠ። በእኔ ግምት የዚህች አገር ምርጥ እቅበተ እምነት ይቺ ናት፤ ስልክ ላይ አንብባችሁ ለመጨረስ ከአንድ ላይቭ ያነሰ ጊዜ ይበቃችኋል።

ለምን ይሄን ያህል አስጨነቀህ ትሉኝ ይሆናል። ሁለት የአክስቴ ልጆች አሉኝ። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ጴንጤ ሆነ፣ ታናሹ ሰንበት ተማሪ ነው። ቴሌግራም ላይ የክርክር ቪዲዮ ይላላካሉ፤ «ይኸው አፈር በላ ያንተ ፓስተር»፣ «ይኸው ዝም አለ ያንተ መምህር» እየተባባሉ። አንዱም የሌላውን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አይቶ አያውቅም፤ ጠይቄያቸው ነግረውኛል። አክስቴ ለፋሲካ ዶሮውን ሠርታ ትልቁን ጠበቀችው። አልመጣም። «የማይረባ ነገር ነው የተጣላችሁት» ልላቸው አልችልም፣ የሚረባ ነገር ነውና። አብረው ግን አልተነጋገሩም፤ ሌሎች ሰዎች በነሱ ፋንታ ተሳደቡላቸው።

ጎንደር ጉባኤ ቤት የተማረ ሰው አንድምታን ያውቃል። አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በብዙ መንገድ ይፈታል፣ የማይቀበለውንም ትርጓሜ አጥርቶ ካስቀመጠ በኋላ ነው መልስ የሚሰጠው። ላይቭ የምትመሩ ልጆች ይቺን ብትወስዷት ምን አለ? ሕጉ ቀላል ነው፤ መልስ ከመስጠትህ በፊት የዚያን ሰው እምነት እሱ «አዎ፣ የማምነው ይሄንን ነው» እስኪል ድረስ አስረዳ። ካልቻልክ ተራህ አልደረሰም። ጊፍቱም በዚያች ሰዓት ይጥፋ። ተመልካች ይቀንሳል፣ አውቃለሁ፤ ቲክቶክ የሚከፍለው ለጩኸት ነዋ።

እስካሁን በዚህ ሕግ የተካሄደ አንድም ላይቭ አላጋጠመኝም። ያያችሁ ካላችሁ ሊንኩን ኮመንት ላይ ጣሉልኝ፤ ለሁለቱም የአክስቴ ልጆች እልከዋለሁ።