ፖልካ ስንት ነው?

በሙዚቃ ማስታወሻ ደብተራችን ላይ ስለ ፖልካ የሰፈረው አንድ መስመር ነው። «ፖልካ፦ በሁለት ምት የሚጨፈር የአውሮፓውያን ባህላዊ ጭፈራ» ይላል። በቃ። ለፈተና ይኼን ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል። ዳሩ ግን ነገ ክፍል ገብተን የምናስተምረው እኛው ነንና፣ ጥቂት ሰልጣኞች ተሰባስበን ነገሩን ከመጻሕፍትም ከተቀዱ ሙዚቃዎችም ስንከታተለው ሰንብተናል። በእኛ አስተያየት ያቺ መስመር አትበቃም። ፖልካ ብዙ ነው፤ ብዙ ካደረጉት መካከል ደግሞ ዋነኞቹ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ሰዎች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው ፖልካ የተወለደው በ1830ዎቹ በቦሄሚያ፣ ማለትም በዛሬዋ ቼክ ሪፑብሊክ ነው። በ1840ዎቹ ፓሪስ ገብቶ ከተማውን አሳበደ። ከዚያ በኋላ ቼኩም፣ ጀርመኑም፣ ፖላንዱም፣ ስሎቬንያውም ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ሲገባ ከጓዙ ጋር ይዞት ሄደ። በየሰፈሩበት ከተማ ግን ሙዚቃው የየራሱን መልክ ያዘ።

ለምሳሌ ያህል ክሊቭላንድን እንውሰድ። እዚያ የሰፈሩት የስሎቬንያ ወዛደሮች ፖልካ አኮርዲዮንን ከፊት አሰልፎ ባንጆና ሳክስፎን ያስከትላል። ፍራንኪ ያንኮቪች በ1915 ከስሎቬንያ ስደተኞች ተወልዶ በዚህችው ከተማ ያደገ ነው። በ1948 «ጀስት ቢኮዝ» የተባለው ሸክላው በመላ አሜሪካ ተሸጠለት። ዘፈኑ ግን የስሎቬንያ አልነበረም፤ የአሜሪካ የገጠር ዘፋኞች ከእሱ በፊት የዘፈኑት ነው። በፖልካ ምት አስገባውና የክሊቭላንድ ሆነ።

ፖላንዶቹማ እርስ በርሳቸው እንኳ አልተስማሙም። በምሥራቁ ጠረፍ ያሉት ኖታ የሚያነብ ትልቅ ኦርኬስትራ አቋቁመው፣ ያን ጊዜ ከገነነው የስዊንግ ሙዚቃ ተምረው፣ በጣም አፍጥነው ይጫወታሉ። ቺካጎ ላይ ግን ሊትል ዋሊ የሚባለው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በፖላንዶች መጠጥ ቤት ሲዘፍን ያደገ ሰው፣ በ1950ዎቹ ባንዱን አሳነሰ፣ ምቱን አዘገየ፣ በአያቶቹ ቋንቋ ዘፈነ። በሚኔሶታ ኒው ኡልም የጀርመኖቹ ፖልካ ደግሞ ቱባ በሚባለው ትልቅ ጥሩምባ ይመራል። (ከእኛው «ቱባ ባህል» ጋር የስም ሞክሼ ነው፤ ወደሱ እንመለሳለን።)

ከሁሉ ያስገረመን የደቡብ ቴክሳሱ ነው። በቴክሳስና በሰሜን ሜክሲኮ የሰፈሩት ጀርመኖችና ቼኮች ያመጡትን አኮርዲዮን የሜክሲኮ ተወላጆች ወስደው የራሳቸው አደረጉት። ናርሲሶ ማርቲኔዝ በ1911 ሜክሲኮ ተወልዶ ገና በሕፃንነቱ ቴክሳስ የገባ፣ በእርሻ ሥራ ኑሮውን የሚገፋ ሰው ነበር። አኮርዲዮን በቀኝ እጅ ዜማ፣ በግራ እጅ ባስ ይሰጣል። ማርቲኔዝ የግራውን ተወው። ባሱን ለጓደኛው ለሳንቲያጎ አልሜዳ ለቀቀለት፤ አልሜዳም ባሆ ሴክስቶ በሚባለው ባለ 12 ክር ጊታር መሰል መሣሪያ ያጅበው ጀመር። ሐሳቡ ሁሉ ቀኝ እጁ ላይ ስላረፈ ዜማው ፈጣንና ጥርት ያለ ሆነ። ሁለቱ በ1936 ሸክላ አስቀረጹ፤ «ኮንሁንቶ» የተባለው የቴክሳስ ሜክሲኮዎች ሙዚቃም በዚሁ መንገድ አደገ። አሁን ይኼን ስሙ፦ ብሉበርድ የተባለው ሸክላ አሳታሚ የማርቲኔዝን ሙዚቃ ለፖላንዶች «ፖልስኪ ክዋርቴት»፣ ለሉዊዚያና ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ደግሞ «ሉዊዚያና ፒት» በሚል ስም ያወጣው ነበር!

አሪዞና ውስጥ ያሉት ቶሆኖ ኦዳሞችማ ጭራሽ ስደተኛ አይደሉም፤ የአገሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። እነሱም ፖልካን በአኮርዲዮንና በሳክስፎን ይጫወቱታል፤ «ዋይላ» ይሉታል።

ይኼን ሁሉ ስንናገር አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይሄማ የተበረዘ ነው፤ ቱባው ቦሄሚያ የቀረው ነው» ይሉናል። ኧረ እስቲ! ታዲያ የማርቲኔዝ ጣቶች ምን በረዙ? ሰው አገሩን ለቆ ሄዶ፣ ሲለፋ ውሎ፣ ቅዳሜ ማታ የሚጨፍርበትን ሙዚቃ በእጁ ባለው መሣሪያ ካላበጀው፣ ያ ሙዚቃ ልጆቹ ዘንድ አይደርስም ነበር። አኮርዲዮንም ቢሆን ለእኛ ባዳ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በስደት ዋሽንግተን ሆኖ ነባር ዜማዎቻችንን በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ኪቦርድ ሲጫወት የተቀዳውን ሙዚቃ እነዚሁ ጓደኞቻችን ማታ ማታ ሲያዳምጡት እንሰማለን። እሱንስ ተበርዟል ሊሉት ነው?

ብዙውን በአንድ ስም መጠቅለል ጉዳት አለው። የአሜሪካው የግራሚ ሽልማት በ1986 ለፖልካ አንድ ዘርፍ ሲከፍት የመጀመሪያውን ያንኮቪች ወሰደ። ዘርፉ በ2009 እስኪዘጋ ድረስ ግን 18ቱን ሽልማት የወሰደው ጂሚ ስተር ብቻ ነው። ጎበዝ ሙዚቀኛ መሆኑ አይካድም። የሚጫወተው ያንን የምሥራቅ ጠረፍ ፈጣን ፖልካ ነው (ደግሞ የዘር ሐረጉ የአየርላንድ ነው!)። ቺካጎውም፣ ኒው ኡልሙም፣ ቴክሳሱም በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲታጎሩ የታየው በአብዛኛው እሱ ሆነ። የእኛም ደብተር የሚያደርገው ይኼንኑ ነው። ነገ አንድ ተማሪ ከቤቱ የሰማውን ዘፈን ክፍል ውስጥ ቢያሰማንና ከመጽሐፉ ጋር ባይገጥም «ተሳስተሃል» ልንለው ነው?

ስለሆነም መምህሮቻችንን አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲፈቅዱልን እንጠይቃለን። የያንኮቪችን፣ የሊትል ዋሊንና የማርቲኔዝን ሙዚቃ ስም ሳንናገር እናሰማለን፤ ሰልጣኙ ልዩነቱን በጆሮው ይለይ፣ ለምን እንደተለያዩም ይከራከር። አንቀበልም የሚል ካለ መልሱን ጽፎ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ ከበስተግራ ያለው ቦታ ክፍት ነው።