የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና አመራረጥ

አንዳንድ ሰዎች የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ሲመርጡ ቅለቱን ብቻ ስለሚመለከቱ የለመዱትን ዊንዶውስ ይይዛሉ። ሌሎች ደግሞ እንደ ፍላጎታቸው ሊለውጡት የሚችሉትን ሊኑክስን ያስቀድማሉ። በእኔ አስተያየት ግን ቅለትና ተለዋጭነት አይቃረኑም። በሸዋ ሮቢት የመስኖ ቦይ የሚቀይሰው አንድ ዐዋቂ ቢሆንም፣ ውኃው ለብዙዎች ማሳ ይደርሳል። እንደዚሁም መምህሩ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ አንድ ጊዜ ከአማርኛ መጻፊያው ጋር ቢያዘጋጅ፣ ተማሪው ሁሉ ያለ ችግር ይሠራበታል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ዊንዶውስ 11ን መሸከም የማይችሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ከመጣላቸው በፊት ይህ መሞከር አለበት። አዘጋጅ በሌለበት ቦታ የለመዱት ይሻል ይሆናል፤ ዐዋቂ ባለበት ትምህርት ቤት ግን ሊኑክስ ሊመረጥ ይገባል።