ዝግጁነት ከወንዙ ዳር ይለካ!

«ዝግጁ ነን» የሚለው ቃል በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ላይ እንደ ማኅተም ይመታል። ኮምፒዩተር ገብቷል፣ መስመር ተዘርግቷል፣ ሠራተኛ ሠልጥኗል፤ ስለዚህ ዝግጁ ነን! እኛ ደግሞ እንጠይቃለን፤ ለምን? ለማን? አደጋው ስንት ሰዓት ሲቀረው?

ጥያቄውን ያመጣነው ለክርክር ያህል አይደለም። ደቡብ ኦሞ መልሱን በሰው ሕይወት የከፈለ አገር ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ወጣና በዳሰነች ምድር ከ360 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተነገረ። በሺህ የሚቆጠር ከብት ተጠረገ። በደሴትና በወንዝ ዳር የተከበበውን ሰው ለማውጣት ሄሊኮፕተርና ጀልባ የተላከው ውኃው ሥራውን ከሠራ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ ከዚያ አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ደቻቱ ድሬዳዋን በሌሊት መትቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቶ ነበር። አገሩ በሙሉ ስለ ጎርፍ እያወራ ነው ኦሞ የደረሰው።

ስለ ደቻቱ «ድንገተኛ ነው» ቢሉን እንሰማለን። ዝናቡ ከተራራው እንደወረደ በአጭር ጊዜ ከተማ ውስጥ ይገባል። ኦሞ ግን እንደሱ አይደለም። ከጊቤና ከጎጀብ አገር ተጠራቅሞ ወደ 760 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው ቱርካና ሐይቅ የሚገባው። ውኃው እግረኛ ነው። ወሬ ደግሞ በሽቦም በአየርም በደቂቃ ይደርሳል። ታዲያ እግረኛው በአየር የሚበረውን እንዴት ቀደመው?

በዚያው ዘመን እኮ ወረዳ ኔት የተባለው ሥራ በመዘርጋት ላይ ነበር፤ ወረዳዎችን በሳተላይት ከክልልና ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኝ፣ ባለሥልጣኖች በስክሪን እየተያዩ የሚሰበሰቡበት መስመር። ሐሳቡ ክፉ ነበር አንልም። ነገር ግን መስመሩ ከላይ ተነሥቶ ቢሮው በር ላይ ያበቃል። ከቢሮው በር እስከ ወንዙ ዳር ያለው መንገድ የማን ሥራ ነው?

የግምገማው ቅጽም ከዚሁ በር አያልፍም። ስንት ኮምፒዩተር አላችሁ? ኔትወርክ አለ ወይስ የለም? ስንት ሰው ሠለጠነ? በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ተሞልቶ ወደ ላይ ይላካል፤ እዚያ ተደምሮ ፐርሰንት ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል፣ የሬዲዮው ባትሪ መቼ ተሞላ፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሣው ማን ነው የሚል ጥያቄ አይገኝበትም። ዕቃ መቁጠር ቀላል ነው፤ የደረሰ ወሬ መቁጠር ይከብዳል።

ከ1998 ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ዛሬ ውኃው በረኛ አለው። ምን ያህል እንደገባ፣ ምን ያህል እንደተለቀቀ የሚለካ ሰውና መሣሪያ አለ። እንዲያም ሆኖ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ጎርፍ የዳሰነችን ቀበሌዎች ዳግም አጥለቅልቆ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አፈናቀለ። ጥፋቱን ሁሉ በግድቡ ላይ አንጭንም፤ ዝናቡም፣ ከፍ ያለው የቱርካና ሐይቅም አሉበት። እኛ የምንለው ከላይ የታወቀው ሁሉ ከታች ይታወቅ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋ የሚባል ነገር አለ። ዳሰነች ውኃው ሲሸሽ በረጠበው አፈር ላይ ማሽላ የሚዘራ ሕዝብ ነው። «ጎርፍ ይመጣል» ብትሉት እህል ይመጣል ማለታችሁ ነው! የሚያስፈልገው ሌላ ነው፤ ከአምናው በስንት ይበልጣል? የትኛውን መንደር ይውጣል? እስከ መቼ እንውጣ? ይህም በዳሰነችኛ፣ በኛንጋቶምኛ፣ በካራ ቋንቋ እንጂ ከላይ በወረደ የአማርኛ ደብዳቤ አይሆንም።

«ሕዝቡ አርብቶ አደር ነው፣ ተበታትኗል፣ አይደረስበትም» የሚሉን አሉ። ኧረ በሕግ! የምርጫ ሣጥን ደርሶት የለም ወይ? የክትባት ዘመቻ ደርሶት የለም ወይ? ድምፁ ሲፈለግ የተገኘ ሰው ነፍሱ ስትፈለግ እንዴት ይጠፋል?

ደግሞስ እንደ እኛ ድሃ የነበረ አገር አድርጎታል። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1970 የመታው የባሕር ማዕበል ከ300,000 በላይ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1972 በጎ ፈቃደኞችን በየመንደሩ አደራጁ። መሣሪያቸው ሬዲዮ፣ የድምፅ ማጉያ፣ በእጅ የሚዞር ሳይረንና ባንዲራ ነበር። መጠለያም በየጊዜው ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ ማዕበል ሲመጣ የሞተው ከ3,000 እስከ 4,000 ሰው ነው። ይህም ብዙ ነው፤ ግን ከ300,000 ጋር አስተያዩት። የመጨረሻዋን አንድ ኪሎ ሜትር የሸፈነው በብስክሌትና በእግር የሚሮጥ ሰው ነው።

ወሬ ወደ ላይም መውጣት አለበት። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ ቫይረስ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው ጂንካ ላይ ነው። ከሞቱት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩበት። አደጋን ቀድሞ የሚያየውና ቀድሞ የሚመታው ዳር ያለው ሰው ነው። የእሱ ጥሪ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል ብሎ የማይጠይቅ ግምገማ ግማሽ ግምገማ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በዓመት አንድ ቀን፣ ሳይነገር፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ከግድቡ አንድ የሙከራ መልእክት ይላክ። ሰዓት ይያዝ። መልእክቱ ክልሉን፣ ዞኑን፣ ወረዳውን አልፎ ከኦሞራቴ ማዶ ከብት የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ዘንድ በቋንቋቸው ሲደርስ ሰዓቱ ይቁም። ሽማግሌው የሰሙትን መልሰው ይናገሩ፤ ቃላቸውም ወደ ላይ ይመለስ። የጠፋበት ቦታ ካለ ገንዘቡ እዚያ ይዋል፤ ባትሪ ከሆነ ባትሪ፣ ጀልባ ከሆነ ጀልባ፣ አስተርጓሚ ከሆነ አስተርጓሚ። ውጤቱም በአደባባይ ይለጠፍ።

ይህ ሳይሆን «ዝግጁ ነን» የሚል ሪፖርት ሲመጣ አናጨበጭብም። ያንን ሽማግሌ ጠየቃችኋቸው ወይ? እንላለን።