ግልጽ ደብዳቤ፦ የማገጡ መስክ አይታረስ

ለግብርና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የመኖ ልማት ሲነሣ ደሾ፣ ዝሆን ሣርና ሮደስ ይጠራሉ። ይገባቸዋል፤ ደሾ የአገራችን ሣር ነው፣ እርከን ያጸናል፣ ደጋግሞም ይታጨዳል። እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ዓይነት ሣር ለመትከል ሲባል የሚገለበጠው የተፈጥሮ መስክ ነው።

በደጋው፣ ክረምት ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ፣ ማገጥ (ክሎቨር) የሚባለው ተክል ከሣሩ ጋር ተደባልቆ ይበቅላል። አገራችን ከ20 የሚበልጡ የማገጥ ዝርያዎች አሏት፤ አንዳንዶቹ ከዚህች አገር ውጭ የሉም። በማገጥ ሥር እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ይይዛሉ፤ ገበሬው ዩሪያ ሳይገዛ አፈሩ ይዳብራል። በፕሮቲንም ከሣሩ ስለሚበልጥ፣ በጋውን በጭድ ለምታሳልፍ ላም ማገጥ ያለበት ድርቆሽ ትልቅ ነገር ነው። ብቻውን በብዛት ከተበላ ግን ከብት ይነፋል፤ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ጥቅሙ ያለው ከነሣሩ ነው። አበባውን ደግሞ ንብ ትቀስመዋለች።

ድርቅ ሲመጣ በተደባለቀው መስክና በአንድ ዓይነት ሣር መካከል ያለው ልዩነት ይጎላል። ዴቪድ ቲልማንና ጆን ዳውኒንግ በአሜሪካ ሚኒሶታ ያጠኑትን በ1994 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ በ1988ቱ (እ.ኤ.አ.) ድርቅ ብዙ ዓይነት ዕፅዋት የነበሩበት መስክ የደረሰበት ጉዳት ያነሰ፣ ያገገመውም በተሻለ ነበር። አንዱ ተክል ሲጠወልግ ድርቅ የሚችለው ሌላው ቦታውን ይሸፍናል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። የሚተከለው መኖ በእርከን፣ በቦረቦርና በጓሮ ይተከል፤ ነባሩ መስክ አይታረስ። አዲስ አበባ ባለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የዘር ባንክ የማገጥ ዘር ተጠብቆ ይገኛል፤ ተባዝቶ ለገበሬው ይድረስ።

ስለ አጨዳው ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ብዙዎቹ የማገጥ ዝርያዎች በየዓመቱ ከዘር የሚበቅሉ ናቸው። መስኩ ዘር ሳይጥል ሙሉ በሙሉ ከታጨደ ወይም ከተጋጠ፣ ማገጡ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ይሄዳል። አጨዳውን ለሁሉም ማዘግየትም አያዋጣም፤ ሣሩ ይጠነክርና የመኖነት ዋጋው ይወርዳል። መፍትሔው በየዓመቱ ቦታ እየቀየሩ ከመስኩ አንዱን ክፍል ዘሩን እስኪጥል መተው ነው። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የቀበሌው ሕዝብ የሚስማማበት ደንብ ይበቃል። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን መስክ ለዓመታት እየዘጋ በስምምነት ሲከፍት ኖሯል፤ ደንብ ማክበር ለገበሬው እንግዳ አይደለም።

ይህ ምክር ከዘንድሮው አጨዳ በፊት በመመሪያ ተጽፎ ለየወረዳው የልማት ጣቢያ ሠራተኞች እንዲደርስ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር