ያልተነካ ፋይል ሁሉ የተተወ ነው?

ሰርቨር በሞላ ቁጥር የሚቀርበው መፍትሔ አንድ ነው፦ «ስክሪፕት እንጻፍና የቆየውን ፋይል ራሱ ያጥፋልን»። ሐሳቡን አልቃወምም። በሺህ የሚቆጠር ፋይል በእጅ እየለቀሙ ማጥፋት አሰልቺ ነው። ፋይንድ በሚባለው ትእዛዝ 90 ቀን ያለፈውን ፈልጎ እንዲያጠፋ አድርጎ በክሮን በየሌሊቱ ማስነሣት ደግሞ የሁለት መስመር ሥራ ነው። የኔ ጥያቄ 90 ቀኑ ላይ ነው።

ስክሪፕቱ «ቆይቷል» የሚለው ይዘቱ ከተለወጠ ብዙ ቀን የሆነውን ነው። ባለቤቱ ይፈልገው አይፈልገው አያውቅም። እስቲ 2012 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በምዕራብ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተዘጋ፤ እዚህ ምሥራቅ ወለጋ ደግሞ ኢንተርኔቱ ጠፋ። የተከፈተው መጋቢት 22 ነው። ያኔ ደግሞ በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪው ወደየቤቱ ሄዷል፤ ክፍል ገብቶ መማር የቀጠለው በ2013 ነው። ደምቢ ዶሎ ቤተሰቦቹ ጋ የተቀመጠ ተመራቂ የጥናት ዳታውን ከጥር ጀምሮ ባይነካው ረስቶት ነው? በ90 ቀን ደንብ ግን ፋይሉ ሚያዝያ ላይ አልቆለታል።

ሌላም አለ። ከዚፕ የተፈታ ፋይል ብዙውን ጊዜ የድሮ ቀኑን ይዞ ይመጣል። ዛሬ ሰርቨር ላይ የተጫነ፣ ዛሬውኑ ሌሊት «ያረጀ» ተብሎ ሊጠረግ ይችላል ማለት ነው።

ይህ የኛ ድህነት ብቻ አይምሰላችሁ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከ10 ቀን በላይ የቆዩ ሎግ ፋይሎችን የሚያጠፋ ስክሪፕት እየሠራ ሳለ በአዲስ ተተካ። መሐል ላይ አዲሱን ማንበብ ጀመረ፤ የፎልደሩን ስም መያዝ የነበረበት ቫሪያብል ባዶ ሆነና የተመራማሪዎቹን ፋይል ጠረገ። 77 ቴራባይት ገደማ፣ 34 ሚሊዮን ያህል ፋይል! ከተጎዱት 14 ቡድኖች የ4ቱ ከባካፕ እንኳ አልተመለሰም።

ስለዚህ የተማሪ ፎልደር ላይ ስክሪፕቱ አያጥፋ፣ ወደ ሌላ ዲስክ ያዛውር። ቀኑም ከምዝገባ ጀምሮ ይቆጠር፤ ግቢ ሲዘጋ ቆጠራው ይቁም። ዲስክ ይሞላል የሚል አይጠፋም። ይሞላል፤ ግን አብዛኛውን የሚሞላው የተማሪ ጥናት ሳይሆን ፊልም እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለጊዜው ማጥፊያው መስመር ይዘጋና ስክሪፕቱ ዝርዝር ብቻ እያወጣ አንድ ሴሚስተር ይሥራ። ዝርዝሩ ኖቲስ ቦርድ ላይ ይለጠፍና ስንቱ «የኔ ነው» እያለ እንደሚመጣ እንየው።